የዱር እንስሳት ክበብ ለምትጀምረው መምህር፦ ከማማው ጀምር

ሰላም መምህር። ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ባሌ ውስጥ ሀረና ደን ጫፍ ላይ ያለ ትምህርት ቤት ተመድበህ የዱር እንስሳት ክበብ ልታቋቁም ነው። ወላጆች ግን «ዝንጀሮና አሳማ እህላችንን እየጨረሰ አንተ ጠብቁት ትለናለህ?» ብለው ፊት ነሱህ። ከየት ልጀምር ነው ያልከው። እኔ በደሎ መናም በሪራም በኩል በዚሁ ሥራ ዓመታት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ፖስተሩን ለጊዜው አስቀምጠው። ቀይ ቀበሮ ብርቅ ነው፣ የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፣ የባሌ ተራሮች ፓርክም በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሁሉም እውነት ነው፣ ሁሉም ያኮራል። ግን በቆሎ ሲጠብቅ ላደረ ሰው ይህን ብትነግረው ጆሮውን አይሰጥህም። አይፈረድበትም። መጀመሪያ የእሱ ጉዳት ይሰማ።

በቆሎው እሸት ሲይዝ የተማሪ ስም መጥሪያህን እይ። የሚቀሩት ልጆች የት ናቸው? ማማ ላይ። ወንጭፍ ይዘው ዝንጀሮ ይጠብቃሉ። ስለ ዱር እንስሳት ከማንም በላይ የሚያውቀው ልጅ ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ የለም ማለት ነው። ክበብህን ከእሱ ጀምር። ማማው ድረስ ሂድ፣ አጠገቡ ተቀመጥና ጠይቀው። በየት በኩል እንደሚገቡ፣ አንዱ ቀድሞ ዛፍ ላይ ወጥቶ አካባቢውን እንደሚቃኝ፣ ጠባቂው ለምሳ ዞር እስኪል አድፍጠው እንደሚቆዩ፣ ሴት ልጅ ስትጠብቅ ደግሞ ይበልጥ እንደሚደፍሩ ሁሉን ይነግርሃል። አንተ ስማው፣ ጻፍለት። ለብዙዎቹ ልጆች መምህር እውቀታቸውን ሲጽፍ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፣ ፊታቸው ሲበራ ታየዋለህ።

ከዚያ አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የማን ማሳ፣ የትኛው እንስሳ፣ ስንት አገዳ በቆሎ። ልጆቹ ራሳቸው ይሙሉት። እኛ ጋ እንዲህ ሲጻፍ ቀን ቀን አብዛኛው ጥፋት የዝንጀሮ፣ ሌሊት ደግሞ የአሳማና የጃርት ሆኖ ተገኘ። ጉሬዛ ግን ስሟ እንኳን አልተነሳም ማለት ይቻላል። እሷ በዋናነት ቅጠል በል ናት፣ አብዛኛውን ጊዜዋን ዛፍ ላይ ነው የምታሳልፈው። ከዚያ በፊት ዛፍ ላይ የሚታይ ሁሉ አብሮ ይረገም ነበር። ደብተሩ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲነበብ አንድ አባት «እሷንስ በከንቱ ነው ያማናት» አሉ። እኔ ስንት ጊዜ ተናግሬው ያልገባው ነገር በልጆቹ ጽሑፍ ገባ።

ስለ ባሌ ጦጣም አስተምር። ምግቧ በአብዛኛው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ ደኖች ውጭ የትም አትገኝም። ቀርከሃው ሲመነጠር ምን ትብላ? ወደ ማሳ ትወርዳለች። ልጆቹ ይህ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ቀርከሃው የት እንደሚቆረጥና የት እንደሚሸጥ ያውቁታላ። አደራህን ግን ወቀሳ አታድርገው፤ ቆራጩ እፊትህ የተቀመጠው ልጅ አባት ሊሆን ይችላል።

ለመከላከሉ ተአምር የለም። ዝንጀሮ ብልጥ ነው፣ ማስፈራሪያውን በጥቂት ቀን ይለምደዋል። የሠራልን ነገር ጥበቃውን በተራ ማድረግና ከደኑ ጋር በሚዋሰነው ዳር በቆሎ አለመዝራት ነው፤ እንደ በርበሬ ዓይነት የማይወዱትን ሰብል ዳር ላይ ማድረግ ይሻላል። ጥበቃው በተራ ሲሆን ልጆቹም ወደ ክፍል ይመለሳሉ። ለእኔ ከሁሉም ትልቁ ውጤት ይህ ነው።

ማርና የጫካ ቡናን አትርሳ። ንቡም ቡናውም በደኑ ነው የሚኖሩት፣ ንቡ ደግሞ የቡናውን አበባ ስለሚያዳቅል ፍሬው ይጨምራል። ማር ሲቆረጥ የሚነደው ጭስ ግን ሰደድ ሊያስነሳ ይችላል። በ1992 ዓ.ም በባሌና በቦረና የተነሳውን እሳት የሚያስታውሱ ትልልቅ ሰዎች ሰፈርህ ውስጥ አይጠፉም። ክፍል ጋብዛቸው፣ እነሱ ይናገሩ።

ውሻ ለብቻው አንድ ቀን ይገባዋል። ከብት ይዞ ወደ ላይ፣ ቀይ ቀበሮ ወደሚኖርበት የሳነቴ ደጋ ሜዳ የሚወጣ ሰው ውሻው አብሮት ይወጣል፣ ያልተከተበ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታን ለቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። በመላ አገሪቱ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ። በሽታው ሰውንም ስለሚገድል «ውሻህን አስከትብ» ስትል ልጁንም እየጠበቅክለት እንደሆነ ያየዋል።

ሌላው፣ በአፋን ኦሮሞ አስተምር፤ ካልቻልክ የሚችል ልጅ አብሮህ ይቁም። ስብሰባ በገበያ ቀን አትጥራ። ከጁምዓ በኋላ ኢማሙ አንድ ቃል ቢሉልህ ከአንተ የሰዓት ንግግር ይበልጣል። ሴቶቹን ውሃ መቅጃው ጋ አግኛቸው፣ ስብሰባ ላይ አይናገሩም። ካሳ ይከፈላችኋል፣ ፕሮጀክት ይመጣል እያልክ ቃል አትግባ።

አንድ ነገር በግልጽ ልበልህ፣ ሰው መብት በሌለው ደን ላይ ብታስተምረው ብዙ ርቀት አትሄድም። አዳባ-ዶዶላ በኩል ነዋሪው «ዋጅብ» በሚባል ማኅበር ተደራጅቶ ደኑን በውል ተረክቧል። የደን አዋጅ 1065/2010ም የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል። ቀበሌህ ውስጥ የደን ማኅበር ካለ ክበቡን ከእሱ ጋር አገናኘው፣ ደብተሩ ለእነሱም ይጠቅማቸዋል።

ደብተሩን በቆሎው እሸት ሳይዝ አስጀምረው፤ ከያዘ በኋላ ማንም ጊዜ የለውም። የሰንጠረዡን አሠራር ከፈለግክ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እኛ የተጠቀምንበትን አዘጋጅቼ አስቀምጥልሃለሁ።