ነጩን ለብሰሽ አልሽው

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። መልሱን ያዘገየሁት በስንፍና አይደለም፤ አንዲት ቃልሽ አላስተኛ ስላለችኝ ነው። ለብዙዎቻችሁ የሚሆን ነገር ይኖረው ይሆናልና ሌሎች ልጆች ቢያነቡትም አይከፋኝም።

የኮንዶሚኒየምሽ በረንዳ ላይ ጀሪካን ቆርጠሽ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጠጅ ሳር እንደተከልሽ፣ ሳሙናና ሻማ እንደምትሠሪ፣ ማታ ማታ ፈትል እንደጀመርሽ፣ እሑድ ባዛር ላይ፣ በሌላው ቀን ደግሞ በቴሌግራም እንደምትሸጪ ጽፈሽልኛል። እየፈገግሁ ነበር የማነበው። ከዚያ፦ «አክስቴ ቤቴን አይታ ጠንቋይ መስለሻል አለችኝ። እኔ ግን ወደድኩት፤ ሱቄን 'የጠንቋይዋ ጓዳ' ልለው ነው። ውጭ አገር ያሉ ልጆችም ራሳቸውን እንዲህ ይላሉ። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» አልሽ።

ምክሩ ይቆየን። መጀመሪያ ይህቺን ቃል እኔ በአንዲት ሴት ላይ እንዴት እንደተጠቀምኩባት ልንገርሽ።

ጡረታ የወጣሁት ፋርማሲስት ሆኜ ነው። በ1972 ዓ.ም. ግን የሃያ አራት ዓመት ድራጊስት፣ ማለትም ከፋርማሲስት ዝቅ ያልኩ መድኃኒት ሰጪ ነበርኩ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት የገበያ ከተማ ጤና ጣቢያ ተመድቤ። ብርዱ ከአጥንት ይገባል። ከአንዲት ብቻዋን ከምትኖር ሴት ቤት በ10 ብር ደባል ገባሁ። ስሟን አልጠራም። የከተማው ሰው «ባለአሪቲዋ» ይላታል፤ እኔ እትዬ እላታለሁ።

ደጃፏ ላይ አንድ ትልቅ ሴቴ ኮሶ ቆሟል። በአጥሩ ጥግ ግራዋና ጌሾ፤ ከምንጣፍ በማትሰፋ መደብ ላይ ደግሞ ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ያ ስሟን ያወጣላት አሪቲ። ጦስኝ ከተራራው ለቅማ ከምድጃው በላይ ታደርቃለች። ክረምቱ ሲወጣ ስንደዶና አክርማ አጭዳ ታከማቻለች፤ አለላዋን ራሷ ቀይና ሐምራዊ ነክራ ግድግዳው ላይ ስታሰጣው ያ ጥቀርሻ የጠገበ ቤት የሠርግ ቤት ይመስል ነበር። ማታ ወይ ስፌት ነው ወይ ፈትል። እኔንም ልታስተምረኝ ሞክራ ነበር። ባዘቶውን እሷ ስትይዘው ክሩ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ እኔ ስይዘው ስንዝር ሳይሞላ ይበጠሳል። «አንቺ ክኒን ቁጠሪ» ብላ ትስቅብኝ ነበር። ዛሬም መፍተል አልችልም።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ጆንያ አንጥፋ ትቀመጣለች። በአንድ ወገን የዳማከሴ ጭብጥ፣ የጦስኝ ቁና፣ የኮሶ አበባ፤ በሌላው ሁለት ሰፌድ፣ አንዳንዴ ሙዳይ። ወስፌዋ ከሹሩባዋ ውስጥ ተሰክቶ። መሸጥ ግን አታውቅም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ሳሩን በነፃ ስላጨደችው ዋጋ የለውም ብላ ታስባለች፤ የሁለት ሳምንት ማታዋንም አትቆጥረውም። ሰው «ቀንሺ» ሲላት ሳትከራከር ትቀንሳለች። እኔ ከጎኗ ሆኜ ስንት ቀን ተናድጃለሁ።

ያ ሰው ሁሉ ማታ ማታ ይልክባታል፤ ቀን ቀን ልጁን ይሸፍንባታል። ምች የመታው ሰው ሲኖር ዳማከሴ ከማን ቤት እንደሚቆረጥ ሁሉም ያውቃል። ሕፃን ያዘለች እናት ግን መንገድ ላይ ስታያት ነጠላዋን በልጁ ፊት ላይ ትጥላለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ እጇ ሥራ ያውቃል፤ ለቡዳነት ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? በኋላ ለሥራ ጎንደር ስሄድ ወለቃ ላይ ይህንኑ አየሁ። የቤተ እስራኤል ሴቶች የሠሩትን ማሰሮና ገንቦ አገሩ ሁሉ ገዝቶ ወጡን ይሠራበታል፤ ሠሪዎቹን ግን ማታ ጅብ ይሆናሉ እያለ ይሸሻቸዋል። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። ማሰሮው ግን ያኔም በየቤቱ ምድጃ ላይ ነበር።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። አንድ ማክሰኞ ጧት አንድ ገበሬ የስድስት ዓመት ልጁን ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። ልጁ ከላይም ከታችም እየወጣው ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አንገቱን መሸከም አቅቶታል። ድሬሰሩ ግሉኮስ ሲሰቅል እኔ እናቱን አፋጠጥኳት።

«ምን አጠጣችሁት?»

«ኮሶ።»

«ከየት የመጣ?»

«ከባለአሪቲዋ የተገዛ።»

ግቢው በተራ ጠባቂ ሞልቷል። እኔም ነጭ ጋዎኔን እንደለበስኩ በረንዳው ላይ ወጣሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ያቺ ጠንቋይ ናት ልጁን ልትገድለው የነበረው! ሁለተኛ ከእሷ እጅ እንዳትቀምሱ!» አልኩ። ጠንቋይ እንዳልሆነች ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አድራለሁ፤ ዶሮ የሚያሳርድ፣ ዕጣ የሚያስጥል አንድም ሰው ሲመጣባት አላየሁም። ቃሉ ግን አፌ ላይ ነበረ።

ስለ ኮሶ ያሰብኩት ትክክል ነበር፤ ይህን ዛሬም አልመልሰውም። ኮሶ ቀልድ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፋርማሲዎች ሳይቀሩ ለትል ያስመጡት የነበረ መድኃኒት ነው፤ ያኔ በእኛ መደርደሪያ ላይ ግን ኒክሎሳማይድ የሚባለው የትል ክኒን ነበረ። የከረመ ኮሶ ይደክማል፣ አዲሱ ይከብዳል፤ ሲበዛም ከማስታወክ አልፎ ዓይንን ይጎዳል። በእፍኝ የሚለካ ነገር ለስድስት ዓመት ልጅ ይሰጣል?

ልጁ በሦስተኛው ቀን ድኖ ቤቱ ገባ። እሷን ቀበሌ ጠርቶ ሁለተኛ መድኃኒት እንዳትሸጥ አስፈረማት። የሚገርመው የመጣው ቅዳሜ መድኃኒቱ ቀርቶ ሰፌዱንም የሚገዛት ጠፋ። ሰፌድ ምን ያደርጋል? ተሸክማው ሄደች፣ ተሸክማው ተመለሰች። አራት ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ገበያ መውጣቷን ተወች፤ ፈትሏን በጎረቤት ልጅ እጅ ትልክ ጀመር፣ የማን እንደሆነ ሳይነገር።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ እዚያው ቤት ነኝ። ጧት ጧት ቡናዬ ላይ ጤና አዳም ጣል አድርጋ ታቀርብልኛለች። ጠጥቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

አንድ ወር ሞልቶት ይሆናል፣ የልጁ አያት ለወገባቸው መድኃኒት ሊወስዱ መጡ። በመስኮቷ ቀዳዳ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «ልጄ፣ ባለአሪቲዋ እንኳ ለልጅ እንዳትሰጡ ብላን ነበር። የተገዛው ለሽማግሌው ነው። ከብርጭቆው ግርጌ የተረፈውን እኔ ነኝ የልጁም ሆድ ይጥራለት ብዬ የሰጠሁት» አሉኝ። ክኒናቸውን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ በዚያው በረንዳ ላይ፣ በዚያው ድምፅ፣ «ተሳስቻለሁ» ማለት ይገባኝ ነበር። ሰዎቹም እዚያው ተቀምጠው ነበር። አላልኩም። ነገ ክኒን ስሰጣቸው የማያምኑኝ መሰለኝ። ለበሽተኛው አስቤ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ ያሰብኩት ለጋዎኔ ነበር።

ማታ ለእሷ ግን ነገርኳት፤ ለብቻዋ። ወስፌዋን ሳታቆም ሰማችኝና፣ «እኔን ሰው ሁሉ ሲለኝ ኖሯል፤ እሱስ ምንም አይደል። አንቺ ግን ነጩን ለብሰሽ አልሽው» አለች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳችውም።

ያኔ የበለጠ ያፈርኩበት ምክንያት ይህ ነው፦ ተማሪ ሳለሁ የተመራማሪውን የዶክተር አክሊሉ ለማን የእንዶድ ታሪክ እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ከዚያች ዕይታ ነው የቢልሃርዚያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር የተገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተሸልመውበታል። እሳቸው የአጣቢዎቹን እጅ አይተው ጠየቁ። እኔ ይህን አጥንቼ፣ ፈተናውንም አልፌ፣ የአንዲትን ሴት እጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቅርብ እያየሁ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኋትም። መድኃኒቱን ለማን እንደምትሰጥ፣ ለማን እንደማትሰጥ ብጠይቃት ኖሮ ያ ማክሰኞ ሌላ ይሆን ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ተዛወርኩ። አውቶቡስ ልሳፈር ስል አንዲት ክዳኗ የቀላች ሙዳይና በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የዳማከሴ ቅርንጫፍ ሰጠችኝ። ሙዳይዋን አይጥ በላት። ዳማከሴው አለ።

በ1991 ዓ.ም. በዚያ ከተማ ሳልፍ መኪና አስቆምኩ። ቤቱ ፈርሶ ኮሶው ብቻ ቀርቷል። ቡና የምትሸጥ አንዲት ልጅ፣ ያኔ ያልተወለደች፣ ስለ ባለአሪቲዋ ብጠይቃት፣ «ጠንቋይዋን ነው? ሞታለች። ሐኪሞቹ ራሳቸው ደርሰውባት ነበር ይባላል» አለችኝ። ሐኪሞቹ ያለችው እኔን ነው። ያኔም ቢሆን ለዚያች ልጅ ነገሩን ላስረዳት እችል ነበር። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ሄድኩ።

እንግዲህ ምክሩ። ውሃ አጠጪ፣ ደረሰኝ ያዢ ምናምን አልልሽም፤ ታውቂዋለሽ። ሳሙና ስትሠሪ ኮስቲክ ሶዳውን ነው ወደ ውሃው የምትጨምሪው፤ ውሃውን ወደ ሶዳው ከጨመርሽ ፊትሽ ላይ ይፈነዳል። ጤና አዳም ፀሐይ ላይ በባዶ እጅ አትቁረጪ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቆስላል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ አትሽጪ። ቀበሪቾ ከጫኚ ነጋዴ አትግዢ፤ ሥሩ ተቆፍሮ ስለሆነ የሚሸጠው ተክሉ አብሮ ይሞታል፣ ከአገራችን ውጭም አይበቅልም። ለሽታና ለሻይ የሚሆነውን ሽጪ፤ «ይፈውሳል» ብለሽ ግን ወረቀት ላይ እንዳትጽፊ። ችግኝ ከፈለግሽ የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል፤ ከነሱ ብትጠይቂ ከመንገድ ዳር ከምትገዢው ይሻልሻል። ማታሽንም ዋጋ ውስጥ አስገቢው።

እናንተ ልጆች ትቸኩላላችሁ፤ ችግኙ ሥር ሳይሰድ ፎቶው አገር ያዳርሳል። ስልኩን ጣል አድርጋችሁ አንድ ክረምት ተክሉን ብቻ ብታዩት ምናለ እላለሁ። ደግሞ መለስ ብዬ ሳስበው፣ ያቺ ሴት ስልክ ቢኖራትና ሌላ ከተማ ስሟን የማያውቅ ገዢ ብታገኝ፣ እነዚያ አራት ቅዳሜዎች ያን ያህል ባልጎዷት። እንግዲህ የትኛውን ብዬ እንደምመክርሽ አንቺው ፍረጂ።

ስሙን በተመለከተ፣ ቢቀርብሽ እላለሁ። አውሮፓ ውስጥ በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ስም ብዙ ሺህ ሰው፣ ይበልጡን ሴት፣ ገድለዋል። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ሸሚዝ ላይ አትመው ቢጫወቱበት ዘመኑ ርቋቸዋል። እኛ ዘንድ ግን ገና ትኩስ ነው። አንቺ በረንዳሽ ላይ ስትስቂበት፣ ገጠር ያለች አንዲት ሸክላ ሠሪ በዚያው ዓይነት ቃል ከውሃ ወረፋ ትባረራለች። አክስትሽንም አትቆጫት፤ የፈራችው ለአንቺ ነው።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንድ ቀን ከእትዬ ጋር ከወንዝ ስንመለስ አንድ ትንሽ ልጅ አያትና ፊቱን ሸፍኖ ይሮጣል። እሷ የስንደዶ ሸክሟን ሳታወርድ፣ «ና የኔ ጌታ፣ አልበላህም፤ ዛሬ ዓርብ ነው» አለችው። እኔ ደንግጬ ዝም ስል እሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የሱቅሽን ስም ብትሰማ ምን እንደምትል እንግዲህ እንጃ።

ዳማከሴ በቅርንጫፍ ይያዛል። ዝናቡ ጠንከር ሲል፣ ሐምሌ ላይ ብቅ በይ፤ ቆርጬ እሰጥሻለሁ። ጨርቁን አርጥበሽ ይዘሽ ነይ።