ሽያጭ ሺት ላይ፣ ስቶር ዳታቤዝ ላይ

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ተመርቀሽ ስምንት ወር ሥራ ስትፈልጊ ቆይተሻል። አሁን አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ለሙከራ ልቅጠርሽ ብሎሻል። ሻጮቹ ጉግል ሺትስ ላይ ይጽፋሉ፤ የስቶሩ መረጃ ያለው ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው። አንዱ ጋ የተቀየረው ሌላው ጋም እንዲቀየር፣ በሁለቱም አቅጣጫ እንድታገናኚላቸው ይፈልጋሉ። «ይሄ ከጸሐፊ ሥራ በምን ይለያል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ግቢበት።

ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ብቻ ቢሆን ልክ ነበርሽ። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱም ወገን መጻፍ ሲችል ነው። ስቶር ውስጥ 40 ካርቶን አሞክሳሲሊን አለ እንበል። ሻጯ 10 ሸጣ ሺቱ ላይ 30 አለች። በዚያው ደቂቃ ስቶር ኪፐሩ 5 አውጥቶ ዳታቤዙ ላይ 35 ጻፈ። ትክክለኛው ቀሪ 25 ነው። «መጨረሻ የጻፈ ያሸንፋል» ካልሽ ግን ወይ 30 ወይ 35 ይቀራል፤ ሁለቱም ውሸት። እዚህ ጋ ኮድ ብቻውን አያድንሽም። ሁለቱም ቀሪውን መጻፍ ትተው «10 ወጣ»፣ «5 ወጣ» ብለው ይመዝግቡ፤ ቀሪውን ዳታቤዙ ያስላው። ስቶር ኪፐሩ ይሄን ከአንቺ በፊት ያውቀዋል። ቢን ካርዱን አሳየኝ በዪው፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ እያለ የሚሄድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ላፕቶፕ ሳትከፍቺ አሳልፊው። በእያንዳንዱ ዓምድ ላይ «ይሄን መቀየር የሚችለው ማነው?» እያልሽ ጠይቂ። ዋጋ የፋይናንስ፣ የደንበኛ ስልክ የሽያጭ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ስትለዪው ብዙው ዓምድ አንድ አቅጣጫ ይበቃዋል።

የስልክ ነገር እንዳያታልልሽ። በ09 የሚጀምር ቁጥር ሲገባ ሺቱ መነሻ ዜሮውን ይውጠዋል። ወደ ዳታቤዙ ሲመለስ ያው ደንበኛ እንደ አዲስ ሰው ሊመዘገብ ይችላል። ዓምዱን ቀድመሽ ወደ ጽሑፍ ቀይሪው።

ደግሞ የረድፍ ቁጥርን መለያ እንዳታደርጊ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አድርጌው፣ አንድ ሠራተኛ ስሞቹን በፊደል ተራ ቢደረድራቸው የአንዱ ዕዳ ለሌላው ዞረ። ከሰዓቱን ሙሉ በስልክ ይቅርታ ስጠይቅ አመሸሁ። ለእያንዳንዱ ረድፍ የማይቀየር መለያ ስጪው። ፕሮግራምሽ ራሱ የጻፈውን ለውጥ እንደ አዲስ ቆጥሮ መልሶ እንዳይልከውም ምልክት አድርጊበት፤ አለዚያ ሁለቱ ሲቀባበሉ ያድራሉ።

ሲቪሽ ላይ «ኤክሴል እችላለሁ» አትበዪ። «የሽያጭ ሺትና የስቶር ዳታቤዝን በሁለት አቅጣጫ አገናኝቻለሁ፤ መረጃ ሲጋጭ የሚፈታበትን ሕግ አውጥቻለሁ» በዪ። ዳታ ኢንጂነር የሚፈልግ ቀጣሪ ጆሮው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው።

ደብዳቤሽ ላይ ያልወደድኩት አንድ ነገር፣ «ለሙከራው ክፍያ የለም ብለውኛል» ያልሽው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ስምምነት በጽሑፍ ይደረጋል፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። ሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ሠራተኛ ነው፣ ደመወዝ አለው። ከመግባትሽ በፊት ውሉን አሳዩኝ በያቸው።