የዓይን ነርቭ ላይ ያለ ጥቁር ዕጢ፦ ፎቶሽን ሳትይዢ እንዳትወጪ

እህቴ፣ «ለመነጽር ስመረመር የዓይን ነርቬ ላይ ጥቁር ዕጢ ታየ፣ ሜላኖሳይቶማ ነው ተባልኩ፣ ላስወጣው ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። እኔም ቀኝ ዓይኔ ላይ ያው አለኝ። ደህና አያለሁ፣ መኪናም እነዳለሁ።

1. አይወጣም። የተቀመጠው የምናይበት ነርቭ ላይ ነው፤ እሱን መነካካት ዓይኑን ማጥፋት ነው። ናሙና እንውሰድ የሚልሽ ካለ፣ ሌላ የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሐኪም ሳታማክሪ እሺ እንዳትዪ። ዕጢው የሚነሳው ቆዳ ላይ «ማርያም የሳመችኝ» የምንለውን ምልክት ከሚያጠቁሩት ዓይነት ሴሎች ነው። ድሮ ግን ካንሰር ነው እየተባለ ስንት ሰው ዓይኑን አጥቷል። በ1962 እ.ኤ.አ. ሎሬንዝ ዚመርማን የሚባል ፓቶሎጂስት (የዕጢ ናሙና የሚመረምር ሐኪም) ከባልደረባው ጋር ካንሰር አለመሆኑን አሳየ።

2. ወደ ካንሰር የሚለወጠው ከ100 ሰው በ1 ወይም በ2 ላይ ብቻ ነው። ሕክምናው ክትትል ነው። በዓመት አንዴ የዓይን ማስፊያ ጠብታ ይጨመርልሻል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ካለፈው ጋር ይተያያል።

3. ፎቶው! እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ በየዓመቱ ጥርት አድርጎ ያነሳኝ ነበር። ቅጂ ስጠይቅ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «የክሊኒኩ ንብረት ነው» አለኝ። ዓይኑስ የማን ነው? «ደብዳቤ አምጪ» አለ፣ አመጣሁ። «ኃላፊው የሉም» አለ። ስመላለስ ከርሜ ማሽኑ ተቀየረና የድሮው ፎቶ ሁሉ ጠፋ ተባለ። ይቅርታ የሚል አንድ ሰው የለም!

ከዚያ ወደ ሌላ ሐኪም ሄድኩ። «አድጓል ዶክተር?» ስለው «ከምን ጋር ላወዳድረው?» አለኝ። ያ ሁሉ ክትትል ባዶ ሆነ። በየጥቂት ወሩ እየተመላለስኩ ከዜሮ ጀመርኩ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዳንዱ ዕጢ ካንሰር ሳይሆንም በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰፋል። በፍጥነት ሲያድግ ነው የሚያሰጋው፤ ፍጥነቱ ደግሞ ያለ አሮጌ ፎቶ አይታወቅም።

አሁን ሁሉም ፎቶ ስልኬ ላይ በዓመተ ምሕረት ተደርድሯል። ሐኪሜ ራሱ «ምነው ሁሉም ታካሚ እንዳንቺ ቢሆን» ብሎኛል።

4. እይታሽ በድንገት ከደከመ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ቀን ሂጂ። ዕጢው ደም አጥሮት ሲሞት ነርቩን ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ደግሞ «ከስክሪኑ ላይ በስልክሽ አንሺው» ይሉሻል፤ እሺ አትበዪ። ዋናውን ፋይል ተቀበይ፤ ቀኑና የትኛው ዓይን እንደሆነ መጻፉን እዚያው ቆመሽ እዪ።