ስታርተር ላርገው ወይስ ሪሊቨር ላልከው ልጅ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። ኦኦቲፒ (የቤዝቦል ቲም የምታስተዳድርበት የኮምፒውተር ጌም) ላይ የ22 ዓመት ቀኝ እጅ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) አለኝ፣ ስተፉ (ኳሱ ለመቺ የሚከብድበት መጠን) 65 ኮንትሮሉ 45 ስታሚናው (ሳይደክም የሚቆይበት አቅም) 40፣ ፋስትቦሉና ስላይደሩ (ፈጣኑና ወደ ጎን የሚታጠፈው ኳስ) አሪፍ ነው ቼንጅአፑ (ፈጣን መስሎ ቀስ ብሎ የሚመጣው) ግን 35፣ ጌሙ ሪሊቨር (በመሃል ተቀይሮ ገብቶ የሚወረውር) ብሎ አስቀምጦታል እኔ ግን ስታርተር (ጨዋታውን የሚጀምር) ላረገው አስቤያለሁ ነው ያልከው አይደል። ከላይ ኮመንት ያረጉት ልጆች "በቃ ቡልፔን አስገባው" ብለውሃል፣ ከሪሊቨሮቹ ጋር ይሁን ማለታቸው ነው። እኔ አልስማማም፣ ቢያንስ ለአሁኑ።

እስቲ መጀመሪያ ኢኒንጉን (ጨዋታው የሚከፈልባቸውን ክፍሎች) አስበው። በ162 ጨዋታ ሲዝን ጥሩ ስታርተር 30 ምናምን ጊዜ ይጀምርልህና ወደ 180 ኢኒንግ ይሰጥሃል፣ ሪሊቨር ደሞ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን 65 አካባቢ ነው። ስለዚህ መካከለኛ የሚባለው ስታርተር ራሱ ለቲምህ ከምርጥ ሪሊቨር በላይ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው። ሪሊቨር ከፈለግክ እኮ ትሬድ ላይም ዌቨር (ሌላ ቲም የለቀቃቸው ተጫዋቾች) ላይም በርካሽ ታገኛለህ፣ ስታርተር ግን ልግዛ ስትል ነው ጉዱ የሚታይህ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር፣ ያ 65 ስተፍ ሪሊቨር ሆኖ ነው 65። አንድ ኢኒንግ ብቻ ስለሆነ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ይወረውራል ተብሎ ይታሰባል፣ ስታርተር ስታረገው ቁጥሩ ይወርዳል። ስለዚህ ከስታርተሮችህ ጋር ከማወዳደርህ በፊት ሮሉን ቀይርና እንደገና እየው፣ ከወረደም በኋላ ደህና ከሆነ ነው ወሬው የሚጀምረው።

ከዛ ቼንጅአፑ። ለኔ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው፣ ስታሚናው አይደለም። ስታርተር አንዱን ባተር (መቺ) በአንድ ጨዋታ ሁለቴ ሶስቴ ያገኘዋል፣ እውነተኛው ቤዝቦል ላይም ባተሮች ያንኑ ፒቸር ሶስተኛ ዙር ሲያገኙት የተሻለ ነው የሚመቱት፣ ሁለት ዓይነት ፒች (ውርወራ) ብቻ ያለው ልጅ እዛ ላይ ይቸገራል። በዛ ላይ ቀኝ እጅ ስለሆነ ስላይደሩ ለግራ ባተር ያን ያህል አያስፈራም፣ ለነሱ የሚያስፈልገው ቼንጅአፑ ነው። የቼንጅአፑን ፖቴንሻል እየው፣ 50 ወይ ከዛ በላይ ካለ ትሪፕል ኤ (ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ሊግ) ላይ ስታርተር አርገህ ተወው ብዙ ኢኒንግ ይወርውር። ፖቴንሻሉም 35 ከሆነ ግን እሺ፣ ልጆቹ ልክ ናቸው። ማሪያኖ ሪቬራ ራሱ 1995 ላይ ያንኪስ 10 ጨዋታ አስጀምረውት አልሆነም፣ ቡልፔን ገብቶ ከተር በሚባል አንድ የውርወራ ዓይነት 652 ሴቭ (መሪነትን ጠብቆ የዘጋው ጨዋታ) ይዞ ወጣ።

ስታሚና 40 የሚያስፈራውን ያህል አይደለም፣ አምስት ኢኒንግ ከጣለልህ ይበቃል፣ የፒች ገደብ አስቀምጥለትና ከኋላው ጥሩ ሎንግ ሪሊፍ (ብዙ ኢኒንግ መወርወር የሚችል ሪሊቨር) ያዝ። እኔን የሚያሳስበኝ ስታሚናው ከኮንትሮሉ ጋር ሲደመር ነው። ኮንትሮል 45 ማለት ዎክ (ኳሱ ስቶ ባተሩ በነጻ ቤዝ ማግኘቱ) ይበዛል፣ ዎክ ሲበዛ ፒቹ ቶሎ ያልቃል፣ አራተኛው ኢኒንግ ላይ ምላሱ ይወጣል። ስታሚና 40 ሆኖ ኮንትሮሉ 60 ቢሆን ኖሮ አንድ ደቂቃ አላስብም ነበር።

ሪሊቨር የተባለ ሰው ሪሊቨር ሆኖ ይቀራል የሚለውን ደሞ እርሳው። ጋሬት ክሮሼ እስከ 2024 ድረስ ሜጀር ሊግ ላይ አንድም ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም ነበር፣ በዛው ዓመት ዋይት ሶክስ 32 ጊዜ አስጀመሩት፣ 209 ስትራይክአውት (ባተሩን በሶስት ስትራይክ ማስወጣት)። ሴዝ ሉጎም ሜትስ ቤት ብዙ ዓመት ቡልፔን ከቆየ በኋላ 2024 ላይ ሮያልስ ጋር ከ200 ኢኒንግ በላይ ወርውሮ ሳይ ያንግ (የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት) ላይ ሁለተኛ ወጣ፣ እሱ ግን የፒች ዓይነት ሞልቶት ነው፣ ልዩነቷን ልብ በል። ጆን ስሞልትዝ ደሞ ከስታርተር ወደ ክሎዘር (ጨዋታ የሚዘጋ ሪሊቨር) ሄዶ 2002 ላይ 55 ሴቭ ይዞ፣ 2005 ላይ ተመልሶ ስታርተር ሆኗል።

ፕሌይኦፍ ላይ ግን ይሄ ሁሉ ይገለበጣል። የእረፍት ቀን ስላለ አምስተኛ ስታርተር አያስፈልግህም፣ ያኔ ልጁን ቡልፔን አውርደው፣ 65ቱንም ያኔ ተጠቀምበት። እኛ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች 2019ን አንረሳትም፣ የቲማችን የናሽናልስ ቡልፔን ሲዝኑን ሙሉ ሲያቃጥለን ከርሞ ወርልድ ሲሪስ ጌም 7 ላይ ስታርተሩን ፓትሪክ ኮርቢንን ከቡልፔን አስገብተውት ሶስት ኢኒንግ ነጥብ ሳይገባበት ወረወረ፣ ዋንጫውም መጣ። (ያሸነፍነው ሂውስተንን ነው፣ እዛ ያላችሁ ይቅርታ 😂)

ሮሉን ቀይረህ ስተፉ ስንት እንደሆነ፣ የቼንጅአፑን ፖቴንሻልና ለግራ ባተር ያለውን ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ፣ ስክሪንሾት ካለህ ደሞ የበለጠ አሪፍ ነው።