የዘገየ መልስ የማን ነው? ለዩዲፒ ክላየንቶች አንድ እናት ክላስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት አንባቢ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሦስት ትንንሽ የፓይተን ፕሮግራሞች ጽፋለች። አንዱ ከኤንቲፒ ሰርቨር ሰዓት ይጠይቃል። ሁለተኛው የኔትወርክ ስዊቾችን ሁኔታ በኤስኤንኤምፒ ያነባል። ሦስተኛው እዚያው የሠሩትን የውሃ ታንከር መቆጣጠሪያ ያናግራል፤ አንድ ሳጥን ነው፣ አራት ታንከር ይለካል። ሦስቱም መልእክታቸውን የሚልኩት በዩዲፒ ነው፤ የመድረስ ዋስትና የሌለው የኔትወርክ መላኪያ ነው። ሦስቱም ውስጥ ያው ኮድ ኮፒ-ፔስት ተደርጓል። ሲሰለቻት የጋራውን ኮድ የሚይዝ አንድ ቤዝ ክላስ (እናት ክላስ) ሠራች፤ ሦስቱ ከእሷ የሚወርሱ ልጆች ሆኑ። "ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ታንከር 3ን ስጠይቅ የታንከር 2 ቁጥር ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ታይምአውቱን (የመጠበቂያውን ልክ) 2 ሰከንድ ብዬው ፕሮግራሙ ተገትሮ ይቀራል። ክላሱን ልጣለው ወይስ ይስተካከላል?" ትላለች።

አትጣይው እህቴ፣ ይስተካከላል። ሁለቱም ችግር ከአንድ ቦታ፣ መልስ ከምትጠብቂበት ኮድ ነው የሚመጣው። ክላስሽ መላክና መቀበል ያውቃል። የመጣው መልስ የየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ግን አይጠይቅም፤ ለጠቅላላው ጥበቃም ልክ የለውም።

ሌላው መላኪያ፣ ቲሲፒ፣ እንደ አደራ ደብዳቤ ነው፤ ተፈርሞ ይወጣል፣ ተፈርሞ ይገባል። ዩዲፒ ተራ ደብዳቤ ነው። ሊጠፋ ይችላል፣ ሁለት ሆኖ ሊደርስ ይችላል፣ የትናንቱ ከዛሬው በኋላ ሊመጣ ይችላል። ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጻፍ እንዲህ ተብሎ ታስቦ ነው። ከመልእክቱ ፊት የሚቀመጠው ራስጌ 8 ባይት ብቻ ነው፦ የላኪ ፖርት (ኮምፒዩተሩ ላይ የፕሮግራሙ በር ቁጥር)፣ የተቀባይ ፖርት፣ ርዝመትና ቼክሰም (ስህተት መፈተሻ ቁጥር)። የጥያቄ ቁጥር የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ከፈለግሽ ራስሽ ትጨምሪያለሽ።

አሁን ያንቺን ጉዳይ ቀረብ ብለን እንየው። ታንከር 2ን ጠየቅሽ። ሳጥኑ ዘገየ። 2 ሰከንድ አለፈና ክላስሽ "አልተመለሰም" ብሎ ተወው። ቀጥሎ በዚያው ሶኬት (ፕሮግራምሽ በሚልክበትና በሚቀበልበት መስኮት) ታንከር 3ን ጠየቅሽ። በዚህ መሀል የታንከር 2 መልስ ከተፍ አለ። ሶኬቱ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። አነበብሽው፣ የታንከር 3 ነው ብለሽ መዘገብሽው። የታንከር 3 ትክክለኛ መልስ ደግሞ ወረፋ ይዞ ታንከር 4ን ይጠብቃል። አንድ መዘግየት ሰልፉን ሙሉ በአንድ ያንሸራትተዋል ማለት ነው።

እኔም በዚህ ተቃጥያለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ድርጅት ውስጥ የጄኔሬተር ነዳጅ የሚያነብ ነገር ጽፌ ነበር። ስክሪኑ ሞልቷል ይላል። ጥበቃው ዱላ አስገብቶ ለካና "ኮምፒዩተርህ ይዋሻል" አለኝ። ሁለት ቀን ዱላውን ስጠራጠር ከረምኩ። ዱላው ልክ ነበር።

ስለዚህ እናት ክላሷ ምን ትያዝ? ለሦስቱም ልጆች እኩል የሆነውን ብቻ፦ መላክ፣ መጠበቅ፣ ያንቺ ያልሆነውን መጣል፣ እንደገና መሞከር። ስለ ባይቶቹ ትርጉም አንዲትም ነገር አትወቅ። ለልጆቹ ሦስት ሜተድ ትተዋለች። "አዘጋጅ" ጥያቄውን ወደ ባይት ይቀይራል። "የኔ_ነው" የመጣው ፓኬት (አንድ የተላከ የባይት ጥቅል) ለዚህ ጥያቄ መሆኑን ይፈትሻል። "ፍታ" ባይቱን ወደ መልስ ይለውጣል። ያንቺ ክላስ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አለው፤ መካከለኛው ነው የጎደለው። ቁልፉ እሱ ነው። ደግሞም ባዶ አትተዪው፤ እናቲቱ ጋ ዝም ብሎ "አዎ" የሚል ከሆነ ልጆቹ ይረሱታል። ልጁ ካልጻፈው ኤረር እንዲሰጥ አድርጊ።

ዋናውን ሉፕ በአማርኛ ልጻፈው፣ ወደ ፓይተን መገልበጡ አይከብድሽም፦

ጠይቅ(ጥያቄ)፦
— ለእያንዳንዱ ሙከራ፦
—— ባይት = አዘጋጅ(ጥያቄ)፤ ላክ(ባይት)
—— ማብቂያ = አሁን + የዚህ ሙከራ ጊዜ
—— ማብቂያው እስኪደርስ፦
——— ፓኬት = ተቀበል(ማብቂያ − አሁን)
——— ጊዜው አልቆ ምንም ካልመጣ፣ ወደ ቀጣዩ ሙከራ
——— የኔ_ነው(ፓኬት) አይደለም ካለ፣ ጣለውና ጠብቅ
——— አዎ ካለ፣ ፍታ(ፓኬት)ን መልስ
— ሙከራው ሁሉ ካለቀ፣ "አልተመለሰም" የሚል ኤክሴፕሽን

"ማብቂያ − አሁን" የሚለውን በደንብ እይው። የመገተርሽ መድኃኒት እዚያ ነው። ሳጥኑ ሳይጠየቅም በየሰከንዱ "አለሁ" የሚል ፓኬት እንደሚልክ ጽፈሽልኛል። ያንቺ ኮድ እሱን ይጥልና እንደገና ሙሉ 2 ሰከንድ ይጠብቃል። ከአንድ ሰከንድ በኋላ ሌላ "አለሁ" ይመጣል፤ እንደገና 2 ሰከንድ። ትክክለኛው መልስ መንገድ ላይ ከጠፋ ይህ ማለቂያ የለውም። ታይምአውት ለአንድ ንባብ ሳይሆን ለጠቅላላው ሙከራ ነው መሰጠት ያለበት። "አሁን" የሚለውንም ከግድግዳ ሰዓቱ አትውሰጂ። ኤንቲፒ ሰዓቱን ወደ ኋላ ሲመልሰው ማብቂያሽ ይርቃል። ፓይተን ለዚህ ሞኖቶኒክ የሚባል ወደ ኋላ የማይሄድ ሰዓት አለው፣ እሱን ተጠቀሚ።

"የኔ_ነው" በየልጁ የተለያየ ነው። ኤስኤንኤምፒ ላይ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ መሣሪያው ያንኑ ይመልስልሻል፣ ታወዳድሪያለሽ። ኤንቲፒ ላይ ትንሽ ብልሃት አለው። 48 ባይት ትልኪያለሽ፣ የመጨረሻዎቹ 8 ባይቶች የላክሽበት ሰዓት ናቸው። ሰርቨሩ እነዚያኑ ገልብጦ ከ24ኛው እስከ 31ኛው ባይት ላይ ያስቀምጥልሻል፣ ከዜሮ ስትቆጥሪ። እኩል ካልሆኑ ያንቺ አይደለም። በየሙከራው "አዘጋጅ"ን እንደገና የምጠራውም ለዚህ ነው፤ ኤንቲፒ በየሙከራው አዲስ ሰዓት ይፈልጋል። ኮአፕ የሚባለው የትንንሽ መሣሪያዎች ፕሮቶኮል ግን ተቃራኒው ነው። ስትደግሚ ያንኑ ቁጥር መያዝ አለብሽ፣ መሣሪያው ድግግሞሽ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ይታደስ ወይስ ይደገም የሚለውን ልጅየው ይወስን። እናቲቱ አትግባበት።

ያንቺ ሳጥን ጋ ደግሞ መለያ ቁጥር ጭራሽ የለም። ፈርምዌሩን (ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) መቀየር ከቻላችሁ ጥያቄው ላይ 4 ባይት ጨምሩና ሳጥኑ እንዳለ ይመልሰው። ካልቻላችሁ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ሶኬት ክፈቺ፣ ሲያልቅ ዝጊው። አዲስ ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ፖርት ያገኛል፤ የዘገየው መልስ ወደ ተዘጋው ፖርት ሄዶ እዚያው ይቀራል። ልብ በይ፣ ለእያንዳንዱ ሙከራ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ጥያቄ ነው ያልኩት። ታንከር 3ን ሦስቴ ብትጠይቂ የትኛውም መልስ ቢመጣ የታንከር 3 ነው፣ በደስታ ተቀበዪው።

"ለምን ሶኬቱን ከአንድ አድራሻ ጋር አላገናኘውም?" ትዪ ይሆናል። ኮኔክት ብትዪው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከሌላ አድራሻ የመጣውን ራሱ ይጥልልሻል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ የተዘጋ ፖርት ስትጠይቂ ታይምአውት ሳትጠብቂ "ኮኔክሽን ሪፊውዝድ" (ግንኙነቱ ተከልክሏል) ይልሻል። እኔ በነባሪነት አገናኘዋለሁ። ግን እናቲቱ ይህን ግዴታ አታድርገው። ቀላሉን የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል ቲኤፍቲፒን ውሰጂ፤ ጥያቄው ወደ ፖርት 69 ይሄዳል፣ መልሱ ከሌላ ፖርት ነው የሚመጣው። ኮኔክት ያደረገ ክላየንት መልሱን መቼም አያየውም። ሁለት አይፒ ያለው አንዳንድ መሣሪያም በአንዱ ጠይቀሽው በሌላው ይመልሳል። አማራጭ አድርጊው፣ ልጅየው "አታገናኚ" ማለት ይቻለው።

ሙከራ ስትደጋግሚ ልክ ይኑርሽ። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። የቤት ራውተሮች ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ሰዓት ሰርቨር አድራሻ በቋሚነት ተጽፎ ነበር። መልስ ካጡ በየሰከንዱ ይደግሙ ነበር፣ ማቆሚያ የላቸውም። ሰርቨሩ በሰከንድ 250 ሺህ ያህል ፓኬት ወረደበት። ኮአፕ ጥሩ ልምድ አለው፦ መጀመሪያ ከ2 እስከ 3 ሰከንድ በዘፈቀደ ይመርጣል፣ ከዚያ በየጊዜው እጥፍ ያደርጋል፣ ቢበዛ 4 ጊዜ ይደግማል። አንቺም ጊዜውን እጥፍ አድርጊ፣ ትንሽ ዘፈቀደ ጨምሪበት። ሁለት መቶ ስዊች መብራት ሲመጣ እኩል ነው የሚነሳው፣ እኩል እንዳትጮሂባቸው። "ታንከር ስንት ነው?" መድገም ጉዳት የለውም። "ፓምፑን ገልብጥ" (ከበራ አጥፋ፣ ከጠፋ አብራ) ግን ሁለቴ ከደረሰ ፓምፑ ወደነበረበት ይመለሳል። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ላይ ሙከራው አንድ ይሁን፣ ወይም ትእዛዙን "ፓምፑን አብራ" ብለሽ ቀይሪው።

ሌላው፣ መልሱ ያንቺ ሆኖ "እምቢ" ሊል ይችላል። ኤንቲፒ ሰርቨር ስትራተም በሚባለው ቦታ (የሰርቨሩ ደረጃ በሚጻፍበት) ዜሮ ልኮ "ቀስ በል" የሚልበት መንገድ አለው። ይህ የጠፋ ፓኬት አይደለም፣ መድገም የለብሽም። "ፍታ" የራሱን ኤክሴፕሽን ይወርውር፣ እናቲቱም ሳትነካው ወደ ላይ ታሳልፈው።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። የመቀበያ ቋትሽ 512 ባይት መሆኑን አይቻለሁ። ቲሲፒ ቢሆን የቀረውን ቀጥለሽ ታነቢው ነበር። ዩዲፒ ላይ የተረፈው ይጣላል፣ ሊኑክስ ላይ ፓይተን ምንም አይልሽም። የኤስኤንኤምፒ መልስሽ አልፎ አልፎ "ተበላሸ" የምትዪው ይኸው ይመስለኛል። ቋቱን 65535 አድርጊው፣ ሜሞሪሽን አይጎዳም። ስትልኪ ግን ከ1232 ባይት ባታልፊ ይሻላል። አይፒቪ6 (አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ፕሮቶኮል) የትም መንገድ ላይ ቢያንስ 1280 ባይት ያሳልፋል፤ 40 ለእሱ ራስጌ፣ 8 ለዩዲፒ ሲቀነስ የሚቀረው እሱ ነው።

ክላስሽ ሶኬትን መውረሷን ግን አልወደድኩላትም። እናትሽ ሶኬት ይኑራት እንጂ ሶኬት አትሁን። ሶኬት የሚከፍተውን ፋንክሽንም ሰዓቱንም ከውጭ ተቀበዪ፣ ቴስት ስትጽፊ የውሸት ሶኬት ትሰጫታለሽ። ኮንስትራክተሩ (ክላሱ ሲፈጠር የሚሮጠው ኮድ) ውስጥ የሰርቨር ስም በዲኤንኤስ ወደ አድራሻ መፍታትም ሆነ ሶኬት መክፈት አይኑር። ዲኤንኤስ በተበላሸ ቁጥር ገና ክላሱን ስትፈጥሪ ፕሮግራሙ እንዳይወድቅብሽ።

የውሸቱ ሶኬት አራት ክፋት ይሥራ፦ የመጀመሪያውን ፓኬት ይዋጥ፣ መልስ ሁለቴ ይስጥ፣ በየሰከንዱ "አለሁ" ይበል፣ ያለፈውን ጥያቄ መልስ አሁን ያምጣ። ሦስቱም ልጆች አራቱንም ይለፉ፤ መለያ ቁጥር የሌለው ሳጥንሽ ላይ ግን አራተኛው የሚመጣው በአሮጌው ፖርት ይሁን። ክላሱን ከመንካትሽ በፊት አራተኛውን ጻፊና አሁን ባለው ኮድሽ ላይ አስኪጂው። ቴስቱ ቀይ ካልወጣ (ካልወደቀ) የላክሽልኝ ኮድ ሌላ ነው፤ ትክክለኛውን ላኪልኝ።