ጥያቄና መልስ፦ ከዓይን ሞራ እስከ ክራንቻ ጥርስ

ዓይንን፣ ፊትን፣ ልብንና ጥርስን በአንድነት ስለሚነካውና እምብዛም ስለማያጋጥመው የዘረመል ችግር፣ ማለትም ስለ ኦኩሎፋሺዮካርዲዮዴንታል ሲንድረም፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ለአምስቱ መልስ እሰጣለሁ።

አንዲት እናት ልጃቸው በሕፃንነቷ የሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ እንደተገፈፈና የልቧ ክፍተት እንደተዘጋላት፣ አሁን ግን 13 ዓመት ሞልቷት የወተት ክራንቻዎቿ እንዳልወለቁ ጽፈዋል። የጥርስ ሐኪሙ እነሱን ነቅሎ ሽቦ ሊያስርላት አስቧል፤ እናትየው ዓይኗንና ልቧን ከጥርሷ ጋር የሚያገናኝ ነገር ይኖር እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ሊኖር ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አሳጥሬ መመለስ አልችልም። ከዓመታት በፊት አንዲት ወጣት የመንጋጋዋን ራጅ ይዛ ወደ እኔ መጥታ ነበር። የላይኛው ክራንቻዋ ሥር የጎረቤቶቹን ጥርሶች ሥር አልፎ ወደ ዓይኗ ጉድጓድ ተጠግቷል። ቀና ብዬ ሳያት መነጽሯ ወፍራም ነው፤ የአፍንጫዋ ጫፍ ሰፋ ብሎ መሐሉ ሰርጎድ ብሏል፤ ከአንገቷ ሥር የቀዶ ጥገና ጠባሳ ይታያል። የዓይን ሐኪሟ ዓይኗን፣ የልብ ሐኪሟ ልቧን በሚገባ አክመዋል፤ ሁሉንም አገናኝቶ የጠየቀ ግን አልነበረም። ከልክ በላይ የሚረዝም የክራንቻ ሥር በሌላ በሽታ እምብዛም ስለማይታይ፣ አብሮት የዓይን ሞራ ካለ ጥርሱ ራሱ ትልቅ ምልክት ነው። ሥሩ የሚረዝመው በጉርምስና ዕድሜ በመሆኑ ግን በሕፃንነት ራጅ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ሙሉ የመንጋጋ ራጅ ሳይነሣ አንድም የወተት ጥርስ አይነቀል፤ ከሥሩ ቋሚ ጥርስ መኖሩ መታወቅ አለበትና። ረጅም ሥር ያለው ጥርስ በሽቦ ሲሳብ የሚንቀሳቀሰው በዝግታ ስለሆነ ሕክምናው ጊዜ ይወስዳል። ከመንቀሉም በፊት የልብ ሐኪሟ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋት እንደሆነ ይወስኑ። የዓይን፣ የልብና የጥርስ ሐኪሞቿን የሚያገናኝ የዘረመል ሐኪም ያግኙ፤ ይህን አጥብቄ አሳስባለሁ።

አንድ አባት ልጃቸው ይህ ችግር እንዳለባት፣ ከእሷ በኋላም ሁለት ወንድ ፅንሶች እንደጨነገፉባቸው ገልጸው፣ ዘመዶቻቸው «የሚስትህ ዘር ነው» እያሉ እንደሚወቅሱ ይነግሩኛል።

የማን ዘር ነው የሚለውን ወቀሳ እባክዎ ከቤትዎ ያስወጡት፤ ማንም መርጦ ያወረሰው ነገር የለም። ችግሩ የሚነሣው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ባለው ቢኮር በተባለ ጂን ላይ በሚደርስ ለውጥ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 ታውቋል። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢጎዳ ሌላው ያግዛታል፤ ወንድ ግን ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ፅንሱ አይጸናም። ለውጡ በልጅቷ ላይ አዲስ የተከሠተ ሊሆን ይችላል፤ ከእናት የመጣም ሊሆን ይችላል። እናት ምልክቱ ቀላል ሆኖባት ሳታውቀው ልትኖር ስለምትችል፣ ባለቤትዎም ዓይናቸውንና ጥርሳቸውን ቢመረመሩ መልካም ነው። ለውጡ ያለባት እናት በእያንዳንዱ እርግዝና የማስተላለፍ ዕድሏ ግማሽ ነው።

«የልጄ ሁለተኛና ሦስተኛ የእግር ጣቶች ተጣብቀዋል፤ ይለያዩ?» ለሚሉት፦ በዚህ ሲንድረም የሚታይ ነው፤ ጫማ እስካልከለከላት ድረስ ይተዉት።

የልጅ ልጃቸው በትምህርቷ ወደኋላ ትቀር እንደሆነ ለሚጠይቁ አያት፦ አብዛኞቹ የማሰብ ችሎታቸው እንደ ማንኛውም ልጅ ነው፤ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ሰሌዳውን አጥርታ እንድታይ ያድርጉ። ጥርጣሬ ካለ የሕፃናት ሐኪም ይጠይቁ።

የመጨረሻው ጠያቂ ልጃቸው ሞራው ከተገፈፈ በኋላ በደንብ ስለምታይ ለሁለት ዓመት የዓይን ክትትሏን አቋርጠዋል፤ መቀጠል ያስፈልግ እንደሆነም ይጠይቃሉ።

ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ልለዝብ አልችልም። ትንሽ ሆኖ የተፈጠረና ሞራው በሕፃንነት የተገፈፈ ዓይን ከዓመታት በኋላም በግላኮማ፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሮ ዕይታን በሚጎዳ በሽታ፣ ሊያዝ ይችላል። ግፊቱ ቀስ እያለ ሲጨምር ልጅቷ ሕመም ላይሰማት፣ እርስዎም ምንም ላያስተውሉ ይችላሉ፤ የጠፋው የዕይታ ክፍል ግን በመድኃኒትም በቀዶ ጥገናም አይመለስም። ግፊቱን መለካት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ይህን እንዳነበቡ ደውለው ለዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያስይዙላት።