የድሮ ምድጃ ላይ ሴራሚክ ይነጠፋል?

ጥያቄ፦ ቤታችን ጅማ ነው፤ ድሮ ማድ ቤት የነበረውን ክፍል ሳሎን ልናደርገው ነው። ወለሉ ሊሾ ሲሆን መሀሉ ላይ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ 1.20 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምድጃ አለ፤ ከሊሾው 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ግንበኛው «ከፍ ያለውን ቀርፈን ሲሚንቶ እናፈስበትና 40 በ40 ሴራሚክ እናነጥፋለን» አለን። ይይዛል?

መልስ፦ አይይዝም፤ ምድጃው ከነአመዱ ተቆፍሮ መውጣት አለበት። ለዓመታት እሳት የበላው ድንጋይና ጭቃ ይፈረፈራል፤ ጥላሸትና ቅባት ስለጠጣም ሲሚንቶ አይነክስበትም። የባሰው ግን ከሥሩ ያለው አመድ ነው። ሰው ሲመላለስበትና ዕቃ ሲያርፍበት እየታመቀ ይወርዳል፣ ሊሾው ግን ባለበት ይቀራል፤ ሴራሚኩም የምድጃውን ዙሪያ ተከትሎ ይሰነጠቃል። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ አመዱ እርጥበት ስቦ ስለሚይዝ በየመጋጠሚያው ነጭ ጨው ያወጣል።

ከፍ ያለውን ከቀረፉ በኋላ ሴራሚኩን በደረቁ ደርድረው ዙሪያውን ያስምሩ። ምድጃውን በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር አልፈው ሊሾውን 1.60 በ1.20 ሜትር ቢቆርጡ 4 በ3 ሴራሚክ ይገባበታል፤ የአሮጌውና የአዲሱ ወለል ድንበርም በሴራሚክ መጋጠሚያ ሥር ይውላል። ድንበሩ በሴራሚክ ሆድ ሥር ካለፈ ያ ሴራሚክ መሰንጠቁ አይቀርም።

ከሊሾው ገጽ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይቆፈር። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ብረት በእጅ ሲገፋ የሚሰምጥ ከሆነ ገና አመድ አለ፤ ይቀጥሉ። ከ30 ያለፈውን በገረጋንቲ እየጠቀጠቁ ይሙሉት። የወጣውን ፍርስራሽ መልሶ መክተት ክልክል ነው፤ ሠራተኞች ለመሸከም ሲታክቱ ያደርጉታልና አጠገባቸው ይቁሙ። ንጹሑን የእንጨት አመድ ግን ጓሮ ላይ ስስ አድርገው ይበትኑት፤ ለአካባቢው አሲዳማ አፈር ይጠቅማል።

ቀጥሎ 20 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ይደርደር፣ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላ፣ ይጠቅጠቅ። በላዩ ወፍራም ላስቲክ ያንጥፉና ጠርዙን ወደ ላይ ይመልሱ። ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ ይፍሰስ። 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር በሆነው የግንበኞች መለኪያ ሳጥን ሲለካ አንድ ከረጢት ተኩል ሲሚንቶ፣ 3 ሳጥን አሸዋና 6 ሳጥን ጠጠር ይበቃል። ውሃ አይብዛ፤ የቀጠነ አርማታ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም። ገጹ ከሊሾው ጋር እኩል መሆኑን በውሃ ልክ ያረጋግጡ።

7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆይ፤ ሴራሚኩ ከ28 ቀን በኋላ ይነጠፍ። እስከዚያ ሊሾውን በመዶሻ እጀታ እየቆረቆሩ ይፈትሹ፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ያስነሱ። ማጣበቂያው የሴራሚኩን ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይሸፍን፤ አራት ጥግና መሀል ላይ ብቻ ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው፣ ሥሩ ባዶ የቀረው ግን ከባድ ነገር ሲወድቅበት ይሰበራል።

ሳሎኑ ውስጥ ቡና የሚፈላ ከሆነ የከሰል ምድጃው በቀጥታ ሴራሚክ ላይ አይረፍ፤ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ግለት ይሰነጥቀዋል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያድርጉ፣ መስኮትም ይከፈት።